ኮምቦልቻ ሲደርስ የሚጠፋ ብልሽት

በደርግ ጊዜ ደሴ የአንድ መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። የአሮጌዋ ባለ ሁለት ዲፈረንሻል መኪናዬ የኋላ ባሌስትራ፣ ጀርባዋን የሚሸከመው ብረት፣ ሲሰበር መለዋወጫ ስላልተገኘ በእርጥብ የበሬ ቆዳ ጠፍሬ አሰርኩት። ቆዳው ደርቆ እንደ ብረት ጠነከረ፤ ላገኘሁት ሁሉ ጉራዬን ነዛሁ።

ዝናብ ሲጀምር ግን ደሴ ላይ የመኪናዋ መብራት ድርግም ይል ጀመር። የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ፣ ኮምቦልቻ አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ደጃፍ ፀሐይ ላይ ወረፋ ጠብቄ ስገባ ደግሞ ቦግ ይላል።

"ወላሂ፣ ምንም የለባትም!" ይለኛል ኤሌክትሪሺያኑ።

በሦስተኛው ምልልስ ደሜ ፈላ። "አንተ የሬዲዮ ባትሪ እንኳ መቀየር አትችልም!" ብዬ ጮኼበት ወጣሁ።

በማግስቱ ደሴ አጠገብ ጭጋግ ውስጥ መብራቱ ጠፍቶ ቆምን። ያሳፈርኳቸው ሽማግሌ ገበሬ ወርደው፣ ጎንበስ ብለው ቆዳውን ዳሰሱት።

"ልጄ፣ ቆዳ ዝናብ ሲነካው ይላላል እኮ" አሉኝ።

እውነትም ቆዳው ረግቦ፣ የመኪናዋ ጀርባ ወርዶ የመብራቱን ሽቦ ተጭኖታል። ለካ የኮምቦልቻ ፀሐይ እያደረቀ ሲወጥረው ነው መብራቱ የሚመለሰው።

"ለመሆኑ እንዲህ አድርጎ ያሰረው ማነው?" አሉኝ ሽማግሌው።

ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "አንድ የኮምቦልቻ ኤሌክትሪሺያን ነው፣ አባባ" አልኳቸው።