በአባቴ ድምፅ ላይ

አባቴ የቅኔ መምህር ናቸው። ዕድሜያቸውን ጣና ዳር ባለች አንዲት ደብር ሲያስተምሩና ሲቀኙ ኖረው፣ አሁን ጉሮሮአቸው ታሞ ከሹክሹክታ የዘለለ ድምፅ የላቸውም። ለሕክምና ባሕር ዳር መጥተው እኔ ቤት ነው ያሉት።

ደህና ሳሉ በየበዓሉ በሴቶች በኩል ቆሜ፣ ስልኬን ነጠላዬ ውስጥ ይዤ ቅኔያቸውን እቀዳ ነበር። ሁሉንም ያኖርሁት አንድ አሮጌ ዲስክ ላይ ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት ሳዳምጥ ደረሱብኝ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«ቅኔ ለዕለቱ ነው ልጄ። የትናንቱን መድገም ነውር መሆኑን አንች አታውቂም? ፋቂው። የተማሪዎቹን ትምህርት ቅጅበት።»

ተማሪዎቻቸው መንገዱ አላስኬድ ብሎ ይፋግና አንበሳሜ ከተሞች ላይ ቀርተዋል። በአባቴ ቦታ የተተካው ወጣት መምህር ትምህርቱን በድምፅ እየቀዳ ነው፤ መንገዱ ሲከፈት ሰው ይዞላቸው ይሄዳል ተብሏል።

«ለእሱ ሌላ ዲስክ እገዛለሁ» አልኋቸው።

«የዲስክ ነገር አይደለም» አሉ።

ከእሳቸው ጋር መከራከር ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ፤ እያዩ እንድፍቀው ነው። ተናደድሁ። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነውና ሊኑክስ የሚባለውን የኮምፒውተር ሥርዓት ከፍቼ፣ የዲስኩን ክፍል መርጬ፣ አዲስ የፋይል ሥርዓት እንዲፈጥርበት አዘዝሁ። ቀድሞ የነበረ ሥርዓት አለበት፣ ልቀጥል ወይ ሲል ኮምፒውተሩ ጠየቀኝ። ወደ አባቴ ዞርሁ። «ቀጥይ» አሉ። አዎ አልሁት፤ ወዲያው አለቀ። ዲስኩ ባዶ መሆኑን አሳየኋቸው፤ «ተመስገን» ብለው ተነሡ።

ያልነገርኋቸው ነገር አለ። አዲስ የፋይል ሥርዓት የሚለውጠው በአብዛኛው ምኑ የት እንደተቀመጠ የሚናገረውን ማውጫ ነው። እንዲህ ባለ አሮጌ ዲስክ ላይ ድምፃቸው ከሥር አለ፤ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ ፈልጎ ማውጣት ይቻላል። ላወጣው ግን አልደፈርሁም፣ አልፈቀዱልኝማ። ልጽፍበትም እጄ እምቢ አለ። የተተኪው መምህር ትምህርት ደርሶኝ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀምጧል። ጧት ጧት «ቀዳሽበት?» ይሉኛል፤ «ነገ» እላለሁ። አባቴን እንዲህ እያታለልሁ መዋሌ ያሳፍረኛል፣ ግን ነገም ነገ ነው።

ትናንት አልጠየቁኝም። እጄን ይዘው ሳቡኝ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ።

«ብራናም ተፍቆ የፊተኛው ቀለም ጥላው ይቀራል» አሉኝ። «ያንችም ከሥሩ እንዳለ ጠርጥሬአለሁ። ይፋግ ያሉት ተማሪዎች ግን እየረሱ ነው።»

ተነሥቼ ወደ ኮምፒውተሬ ሄድሁ።

ዲስኩን ሰክቼ የመጀመሪያውን ትምህርት ቀዳሁበት። አባቴ እንዲሰሙት ከፈትሁላቸው፤ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። የወጣቱ መምህር ድምፅ ጥርት ያለ ነው። ከአባቴ ቅኔዎች በየትኛው ላይ እንዳረፈ አላውቅም።