ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የቆጠርኩት

ይህ ነገር መጻፍ ይገባው እንደሆነ እስካሁን እጠራጠራለሁ። የእናቴ ገመና ነው። ጥፋቱ ግን የእኔ ስለሆነ እጽፈዋለሁ።

እናቴ ለብዙ ዓመታት ከእንጦጦ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ተሸክማ እየወረደች አሳደገችን። በኋላ ማህፀኗ ወደ ታች ወረደ፤ ስታስል ሽንቷ ያመልጣታል። ከዚያ ወዲህ የካ ሚካኤል ስንሄድ፣ "በዚህ ልብስ አልገባም" ብላ ከቅጥሩ ውጪ ትቆማለች። ዩኒቨርሲቲ በገባሁበት ዓመት ለምኜ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

"ለሰኔ ሚካኤል ውስጥ ገብቼ ካስቀደስኩ ይበቃኛል" አለችኝ።

የጡንቻ ልምምድ የምታሠራው ፊዚዮቴራፒስት ወጣት ሴት ነበረች። ሽንት እንደሚይዝ ሰው ጡንቻውን ወደ ላይ መሳብ፣ እስከ አስር ቆጥሮ መልቀቅ፣ ሸክም መተው፤ ሁሉንም በግልጽ ነገረቻት። እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና "እሺ፣ እሺ" ብቻ ትል ነበር።

ቤት ስንደርስ "ምን አለችኝ?" ብላ ጠየቀችኝ።

ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ። እናቴ ናት።

"ያው... ታች ያለውን ማጠንከር ነው። ትንፋሽሽን ይዘሽ" አልኳት።

በየጠዋቱ አልጋዋ ላይ ትጋደማለች። እንዳንተፋፈር ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እስከ አስር እቆጥራለሁ። ስታቃስት "ጎበዝ፣ እየጠነከርሽ ነው!" እላታለሁ። ስድስት ሳምንት አንድም ቀን አላጓደልንም።

በቀጠሯችን ቀን ፊዚዮቴራፒስቷ እጇን የእናቴ ሆድ ላይ አድርጋ "እስቲ ያሳዩኝ" አለቻት። ወዲያው ደነገጠች።

"እማማ፣ ወደ ታች እየገፉ ነው እኮ! እንደ ምጥ! ማነው እንዲህ ያድርጉ ያለዎት?"

"እኔው ነኝ ያልሰማሁት። ልጄማ በደንብ ነግራኛለች።"

ማህፀኗ ከበፊቱ ይበልጥ ወርዶ ነበር። ልምምድ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ቀዶ ጥገና እንደሚያስፈልጋት ነገሩን።

ወደ ቤት ስንመለስ ቀበና ድልድይ ላይ እንደምንም አወጣሁት። "ሽንት እንደሚይዝ ሰው ወደ ላይ መሳብ ነበር።"

"ይህቺን ለማለት ነው? አራት ልጅ የወለደች ሴት 'ሽንት' ሲሏት ትሞታለች ብለሽ ነው?"

ሳቀች። ስትስቅ አመለጣት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና ቀድማኝ መንገዷን ቀጠለች።

ቀዶ ጥገናውን እምቢ አለች። ልምምዱን ግን ቀጠልን፤ አሁን ፊቴን ሳላዞር፣ እያየኋት። ለውጥ አልነበረም።

የሰኔ ሚካኤል ዕለት ታቦቱ ሲወጣ እልልታው ከቅጥሩ ውስጥ ይሰማ ነበር። እናቴ በተለመደው ቦታዋ ግንቡን ተደግፋ ቆመች። እኔም አጠገቧ ቆምኩ። ቤት ስንመለስ የቀጠሮ ካርዷን እጄ ላይ አስቀመጠች።

"በቃ፣ ከእንግዲህ አትቁጠሪልኝ" አለችኝ።

ሰኔ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።