የቲያትር አዳራሻችንን በጭብጨባ ዘጉት

ዛሬ ጠዋት ጀሞ ያለውን የቲያትር አዳራሻችንን በጭብጨባ ዘጉት። አንድም ቀን ገብተው ለተዋናይ አጨብጭበው የማያውቁ ሰዎች፣ ዛሬ እጃቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ።

በሰፈሩ ነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ «ቲያትር ለሰፈሩ ምን ያስገባል? የሲሚንቶ መጋዘን ይሁን፤ በጭብጨባ አጽድቁልን» አለ። አጸደቁለት።

«እሁድ ከሰዓት በሩ ላይ ቆመህ አይተህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ አጀንዳው ተዘግቷል» አለኝ።

እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የለመድኩት ከቲያትር ማስታወቂያ ነው። ስለዚህ ተዘግቷል ቢባልም ተናገርኩ።

ቲያትር ባለ ቀን ከለቡ ሰፈር ሳይቀር ሰው በታክሲ ይመጣል። ሊስትሮው፣ ሻይ ቤቱ፣ ጸጉር ቤቱ ዋናው ገበያቸው ያን ቀን ነው። በአንድ ደረጃ እየወጣ ሰላም የማይባባል የኮንዶሚኒየም ጎረቤት እንኳን፣ አብሮ ስቆ ሲወጣ ቆሞ ያወራል። ሲሚንቶ ማንን ከማን ያነጋግራል?

ከሁሉ ያናደደችኝ ግን ሙሉ ናት። በአዳራሹ በር ላይ ሳምቡሳ እየሸጠች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። እሷም አጨበጨበች።

«አንቺ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት ስንወጣ።

«ስብሰባው ያለቀ መስሎኝ ነው ጋሼ። ሁሉም ሲያጨበጭብ አጨበጨብኩ።» ቀጥላም፣ «ታዲያ እሁድ የት ልቁም?» አለችኝ።

ነገ ወረዳ አቤቱታ ይዤ እሄዳለሁ፤ መጀመሪያ የምትፈርመውም ሙሉ ናት።

እናንተ ሰፈርስ እንዲህ በጭብጨባ የተዘጋ ነገር አለ? አጨብጭባችሁ ከሆነም ሳትደብቁ ጻፉ።