ለአፒሳይ አንድ እግር

ቶሪካ በደሴት ከተማዋ በሱቫ ያለውን የባሕር ዳር መናፈሻ በየጠዋቱ ከበሩ እስከ ጥጉ በእግሯ ታካልለዋለች፤ ለሽርሽር ግን እንዳይመስላችሁ። ሠላሳ ዓመት የሆስፒታል አንሶላ ያጠበች ሴት ናት፣ በቀላሉ አትጠየፍም። ይህን መናፈሻ ግን ትጠየፈዋለች። ማዕበል የተፋው ዳይፐር ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይጠብቃታል። ወንበሩ ሥር የተጋጠ የዶሮ አጥንት፣ ዝንብ የወረረው ካሳቫ። ሰው እንዲህ ያለ ባሕር ፊቱ አስቀምጦ እዚያው ይጸዳዳል። ቱ! ትላለች፣ ትለቅማለችም።

የምትለቅመው ለመናፈሻው አዝና አይደለም። ባሏ አፒሳይ በስኳር በሽታ ግራ እግሩን ተቆርጧል። የቀረው ቀኙም ደንዝዟል፣ ቢወጋ አይሰማውም። ሐኪሙ በየቀኑ ይራመድ ብሏል፤ አንዲት ቁስል ካገኘችው ግን ይህም እግር እንደሚቆረጥ አልደበቃቸውም። እግሩም አብጦ ጫማ አልገባው ስላለ በነጠላ ጫማ ነው የሚሄደው። ስለዚህ እሱ በክራንች እያዘገመ ሳይደርስ፣ እሷ ቀድማ መንገዱን ከጠርሙስ ስባሪ ታጸዳለታለች።

አንድ ቅዳሜ ጥጉ ጋ ስትደርስ አንድ ግዙፍ ሰው ሲጠጣ ያደረውን ቢራ ይጨርሳል፤ ባዶውን ጠርሙስ ከግንቡ ጋር እያላተመ ይከሰክሳል። ደሟ ፈላ። ማን እንደሆነና ከየትኛው ደሴት እንደመጣ ጠየቀችው። ነታኒ እባላለሁ አለ፤ ደሴቱን ሲነግራት ወሽመጧ ቁርጥ አለ። የእሱና የእሷ ደሴት ታውቩ ናቸው፣ የጥንት አባታቸው አንድ ነው። ታውቩ ታውቩውን ቢሳደብ፣ ቢያላግጥበት፣ ያለውን ቢወስድበት መብቱ ነው፤ የተሰደበው ይስቃል እንጂ መቆጣት ነውር ነው።

ነገሩ ለነታኒም ገብቶት ጥርሱን አገጠጠ። «በይ ታውቩ፣ ጥረጊልኝ። የእናንተ ደሴት ሴት ከመጥረግ ሌላ ምን ታውቃለች?»

ወግ ነውና ሳቀች። ያን ሳቅ መሳቅ ትፋት እንደ መዋጥ ሆነባት። ከዚያ ግን ወጉ ለእሷም እንደሚሠራ ትዝ አላት።

«እሺ ታውቩ፣ ጫማህን አውልቅና ስጠኝ።»

«ጫማዬን?»

«የእናንተ ደሴት ሰው ድሮስ ጫማ መቼ ያውቃል? አውልቅ።»

ታውቩ የጠየቀውን መንፈግ ውርደት ነው። ነታኒ እያጉረመረመ ጀልባ የሚያክሉ ስኒከሮቹን አወለቀ። ባዶ እግሩን ወደ መንገዱ ሰነዘረና መልሶ ሰበሰበው። በአንድ በኩል ግንብ፣ በሌላው ጭቃ፤ መውጫው በራሱ ስባሪ ላይ ብቻ ነበር። ጎንበስ ብሎ መልቀም ጀመረ።

ሰው ሆነ ብላ ልትራራለት ነበር። ልብ ብላ ስታየው ግን የሚለቅመው ለገዛ እግሩ ማሳረፊያ ያህል ብቻ ነው፤ የለቀመውንም አፒሳይ ክራንቹን በሚተክልበት በኩል ይጥለዋል። እንዲህ እያደረገ ሹልክ ብሎ ሄደ። እንደዚያ ቀን ሰው አስጠልቷት አያውቅም። የቀረውን ራሷ ለቀመች።

አፒሳይ ሲደርስ ወንበሩ ላይ አስቀምጣ የቀኙን ጫማ አጠለቀችለት። ያበጠው እግር ዘና ብሎ ገባ። ከየት እንዳመጣችው ነገረችው፤ እሱም ግራውስ የት አለ ብሎ ጠየቃት።

«ስባሪውን እስከ አፉ ሞልቼ አስቀምጬለታለሁ» አለች። «ታውቩ አይደል፣ ሲመጣ እየሳቀ ያጥልቀው።»