የምኑ ጣሳ?

አክስቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ጥያቄያቸው ነው። ሰው «አንድ ጣሳ ስንት ኪሎ ይሆናል?» ካላቸው «የምኑ ጣሳ?» ይሉ ነበር። አንድ ቀን እኔው ስጠይቃቸው ጣሳቸውን መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ የተፈጨ በርበሬ ሞልተው አስያዙኝ። ጨው እጄን ወደ ታች ሳበው፤ በርበሬው ግን ቀለለኝ።

«አየሽ ልጄ? ጣሳው አንድ ነው፤ ኪሎው ግን ለየቅል ነው» አሉኝ።

የዘመዱን ሁሉ ሽሮ በየዓመቱ የሚያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ። ስንት ጣሳ አተር፣ ስንት ጣሳ በርበሬና ጨው እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ሲያርፉ ለአርባቸው የሚሆነውን ሽሮ ልታስፈጭ ሞላሌ ከተማ የወረደችው ልጃቸው ግን ከወፍጮ ቤት ደወለችልኝ።

«እዚህ ሁሉንም የሚቀላቅሉት በኪሎ ነው። አንዱን ጣሳ አንድ ኪሎ ልበላቸው?»

«በርበሬው እንዳይበዛ! እሳቸው እኮ እንዲህ አይሉም ነበር።»

«ታዲያ ስንት ልበል? ንገሪኛ!» አለች።

የእያንዳንዱን ጣሳ ኪሎ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ። «እንዳልሽው ይሁን» አልኳት።

የአርባው ዕለት ወጡ በርበሬ በዝቶበት፣ ጨው አንሶት ቀረበ። ካህናቱም ጎረቤቱም በሉ። በቀብሩ ዕለት እንባ ጠብ ያላላቸው የአክስቴ ታላቅ ወንድም ግን አንዴ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። የአክስቴ ልጅ ደንግጣ ውሃ አቀረበችላቸው። አልተቀበሏትም።

«እህቴ ገና አሁን ሞተች» አሉና ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ።