የአባባ ኢናጋኪን ጥድ ማን አጠጣት?

አባባ ኢናጋኪ ሚስት ፈትተው አያውቁም፤ አግብተውም አያውቁም። ቤታቸው ያለችው አንዲት ጥድ ብቻ ናት። "ከሚስት በላይ ታስቸግራለች" ይላሉ፤ ሚስት ስንት እንደምታስቸግር ከየት እንዳወቁ ግን አይነግሩንም። በሸክላ ሳህን ተተክላ፣ ሆን ተብሎ እንድታንስ ተደርጋ ያደገች ናት፤ ቁመቷ እስከ ክርኔ፣ ዕድሜዋ ስልሳ ሦስት። በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከአባታቸው ጋር እንጨት ሊቆርጡ ወጥተው፣ ከአለት ስንጥቅ ነቅለው በኮፍያቸው ይዘዋት የመጡ ችግኝ ነበረች።

ፀጉር ቤቴ ከደጃቸው ፊት ለፊት ነው። ሥራዬ ማየት ነው፤ ፀጉሩን በትርፍ ጊዜዬ እቆርጣለሁ። አባባ በየፀደዩ ቡቃያዋን በመቀስ ሳይሆን በጣት ጫፍ ይቀነጥባሉ። ቅርንጫፎቿንም በመዳብ ሽቦ ጠምጥመው ወደ ታች ያጎነብሷቸዋል።

"ወጣት ጥድ እጁን ወደ ሰማይ ያነሳል" አሉኝ አንድ ቀን። "የዘመናት በረዶ የተሸከመ ግን ትከሻው ይወርዳል። እኔ በረዶውን በሽቦ ነው የማለብሳት።"

ውሃ የሚሰጧት ደግሞ ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰክተው ካዳመጡ በኋላ ነው።

ካቻምና ነሐሴ፣ በእኛ አገር ሙቀቱ በሚያይልበት ወር፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ ለአሥራ ሁለት ቀን ከተማ ሄዱ። አጠጡልኝ ብለው ማንንም አልጠየቁም። በእኛ ሰፈር ሰው ከማስቸገር ጥርስን ያለማደንዘዣ ማስነቀል ይቀላል። ጥላ ሥር አኖሯት፤ ከጎኗ ካለ የውሃ ገንቦ በጥጥ ክር ጠብ ጠብ እንዲልላት አድርገው ሄዱ።

አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ሲመለሱ ጥዷ ቢጫ ሆና ጠበቀቻቸው። ሮጬ ደረስኩ።

"ጠምቷት ነው አባባ፤ የዘንድሮ ሙቀት..."

ጣታቸውን ሰክተው አወጡ። ጭቃ። "የጠማው ሰው እንዲህ ይሸታል?" ከሸክላዋ ሲያወጧት ሥሯ ጠቁሯል። "ይቺ አልተጠማችም፤ ሰምጣለች። ዘንቦ ነበር እንዴ?"

"ጠብ አላለም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"እንጃ" አልኩ። ሐሰት ነው። አንደኛውን ሰውዬ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ፀጉር ቤት አለው። በየማለዳው ሱቄን ሳልከፍት አንድ ማንቆርቆሪያ አፈስላት ነበር። ግን በአንድ ማንቆርቆሪያ ዛፍ አይሰምጥም! ሌላው ማን ነው? ይህ ጥያቄ ምሳዬን አስተወኝ።

ጡረተኛዋ ነርስ እትዬ ሂሳኖ ከአባባ ጋር በአጥር ይዋሰናሉ።

"እትዬ፣ አባባ ግቢ ሰው ሲገባ አላዩም?"

"አንተን አይቻለሁ። ምን ሰርቆ ይሆን ስል ከረምኩ።"

"እኔን ይተዉኝ፤ ሌላስ?"

ማራገቢያቸውን አጠፉ፤ መልሰው አበሩ። "እኩለ ቀን ላይ... ታሳዝናለች እኮ። ትንሽ ነው፤ አንድ ባልዲ።"

"ባልዲ! ታዲያ ለአባባ ለምን አልነገሯቸውም?"

"በዚያ ዓይናቸው የምስጋና ስጦታ ተሸክመው ደጄ ድረስ መጥተው ሊሰግዱልኝ? ይቅርብኝ!"

እኔም አፌን የዘጋሁት ለዚሁ ነበር።

የአኩሪ አተር አይብ፣ ቶፉ የሚሠራው ሙራኮሺ ደግሞ ገና ሳልጠይቀው ቀላ። "ማታ ማታ" አለ። "ግን የቧንቧ አይደለም! ለቶፉዬ የማመጣውን የምንጭ ውሃ ነው።"

"አባባ ሲሰሙ ይጽናናሉ፤ በምንጭ ውሃ ነው የገደልናት።"

በማግስቱ፣ ሳንነጋገር፣ ሦስታችንም "ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው" ልንል ሄደን በራቸው ላይ ተገጣጠምን። በሦስታችንም እጅ ከአንድ ሱቅ የተገዛ፣ አንድ ዓይነት የባቄላ ጣፋጭ ሳጥን! አባባ በአንድ ዓይናቸው ሳጥኖቹን አንድ በአንድ አዩ።

"እሷን በውሃ፣ እኔን በስኳር" አሉ።

ከዚያም ከእሳቸው አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ተናገሩ፤ "ላስቸግራችሁ ነው።"

ነሐሴ አፈር የሚቀየርበት ወር አይደለም፤ እንዳለች ብትተው ግን መሞቷ ነው። ሐኪም እንዳያጎነብሱ ከልክሏቸዋል፤ ስለዚህ እሳቸው አዘዙ፣ እኛ ሠራን። እትዬ ሂሳኖ የበሰበሰውን ሥር ቁስል እንደሚያጸዳ ሰው ቆረጡ፤ ሙራኮሺ ጠጠር ነፋ፤ እኔ ግንዷን ከሸክላው ጋር አሰርኩ።

"ትተርፍ ይሆን?" አልኩ።

"እሷን ጠይቃት። ከዛሬ ጀምሮ በየተራ እየመጣችሁ ጣት ትሰካላችሁ። ጣት ብቻ! ማንቆርቆሪያ የያዘ ደጄን እንዳያልፍ።"

የበረዶውን ወራት ጣታችንን ስንሰካ ከረምን። በፀደይ ቡቃያ ፈነዳ፤ ሦስት ቅርንጫፎች ግን ደርቀው ቀሩ። አባባ አልቆረጧቸውም። ልጣጫቸውን ልጠው አጥንት አስመሰሏቸው፤ መብረቅ የመታት የተራራ ዛፍ ሆነች።

በመኸር በሰፈራችን ቤተ መቅደስ ግቢ ለዛፎች ትርኢት ስትወጣ አንድ እንግዳ ጎንበስ ብሎ ከሥር ወደ ላይ አያት።

"ምን ዓይነት መብረቅ ነው ሦስት ቦታ የመታት?"

"ቸር መብረቅ" አሉ አባባ፣ በአገጫቸው ወደ እኛ እየጠቆሙ። "ሦስቱም ያውልህ፤ ጣፋጭ እየበሉ ነው።"