ከጊታሩ ሆድ ያነበብኩት ቁጥር

ነገሩ የሆነው በእኛ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም.፣ ረመዳን ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ካርቱም ውስጥ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ የረሳሁትም አለ። ይሄኛው ግን አልረሳ ብሎኛል። ዛሬ የምጽፈውም ምክንያት ስላለኝ ነው።

ያኔ ያገለገለ ጊታር እየገዛሁ፣ እየጠገንኩ እሸጥ ነበር። የካርቱም ሙቀት እንጨት ስለሚሰነጥቅ ሥራ አልጠፋም። ግን አንዴ ሳላውቅ የተሰረቀ ጊታር ገዝቼ ሦስት ቀን ፖሊስ ጣቢያ አድሬያለሁ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና፣ ከዚያ ወዲህ በትንሽ መስታወትና በባትሪ የጊታሩን ሆድ ሳላይ ዋጋ አልናገርም። አንዳንድ ባለቤት ስሙን የሚጽፈው እዚያ ነው።

አንድ ዓርብ ዘሀራ መጣች። ዓርብ የቤት ሠራተኞች እረፍት ስለሆነ ሱቄን የአገር ልጆች ሞልተውታል፤ ስምንት ሰው ነበር። የወሎ ልጅ ናት፤ ካፉሪ የሚባል የሀብታሞች ሰፈር፣ አንድ ትልቅ ቪላ ውስጥ ነው የምትሠራው። በአንሶላ የጠቀለለችውን ጊታር ስትፈታው ዓይኔን ማመን አቃተኝ። እንዲህ ያለ ጊታር እኔ ሱቅ ገብቶ አያውቅም።

«ተሰጥቶኝ ነው ጋሼ» አለች። «እናቴ ታማብኛለች። የኹሩጅ ከፍዬ አገሬ ልግባ ብዬ ነው።» ኹሩጅ የመውጫ ቪዛ ነው፤ እሱን ሳይከፍሉ ከሱዳን መውጣት የለም።

መስታወቱን አስገባሁ። በዓረብኛ የአንድ ወንድ ስምና ስልክ ቁጥር ተጽፏል።

ጥፋቴ እዚህ ላይ ነው። «ማን ሰጠሽ?» ብዬ መጠየቅ ስችል፣ ዋጋ ላጣራልሽ ብዬ ሻይ አዘዝኩላትና ወጥቼ ደወልኩ። ያነሳችው የዘሀራ አሠሪ ናት። ልጇ ለትምህርት ማሌዥያ ሲሄድ ስልኩን ትቶላት ኖሯል። ጊታሩን ዘሀራ ልትሸጥ እንዳመጣችው ስነግራት ሱቁ የት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

ሴትዮዋ ከሾፌሯ ጋር ስትደርስ ዘሀራ ሁለተኛውን ሻይ እየጠጣች ነበር። ብድግ አለች። «ልጅዎ ነው የሰጠኝ፣ ወላሂ፤ ደውለው ይጠይቁት» እያለች በዓረብኛ ለመነቻት። ሴትዮዋ «ሐራሚያ፣ ሐራሚያ» ነው የምትለው፤ ሌባ ማለቷ ነው። ጊታሩንም ልጅቱንም መኪና ውስጥ አስገብታ ሄደች። ዘሀራ ከበሩ ስትወጣ ዞራ አየችኝ።

ሱቅ የነበሩት አመሰገኑኝ። «ደግ አደረግህ፤ ስማችንን የሚያጠፉት እንዲህ ያሉት ናቸው» አለኝ አንዱ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ሱዳናዊ ወጣት ያንኑ ጊታር ይዞ ገባ። ያ የሴትዮዋ ልጅ ነው፤ ለእረፍት መጥቶ። በወባ ወድቆ ሳለ ሁለት ሳምንት ያስታመመችው ዘሀራ ናት። ሊሄድ ሲል ጊታሩን ሰጣት፤ እናቱ እንዳትሰማ ያላትም እሱ ነው። እናቱ ደመወዟን እንኳ ሳትሰጥ አባርራታለች። ጊታሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና «የእሷ ነው፤ ፈልገህ ስጣት» ብሎኝ ወጣ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ፍለጋው ወራት ፈጀ። በመጨረሻ ከከተማው ዳር ሶባ፣ ሚኒባስ ማቆሚያው አጠገብ ሻይ ስትሸጥ አገኘኋት። ስታየኝ አልሰደበችኝም። አጎንብሼ ይቅርታ ጠየቅኋት። ጊታሩን ተቀብላ ትንሽ አየችውና መለሰችልኝ።

«እናቴ ሞታለች ጋሼ» አለች። «ሳትሞት ወሬው ደርሷታል። ልጅሽ ሰው ቤት ሰርቃ ተባረረች ብለው ነግረዋታል።»

እንደምንም ብዬ፣ ጊታሩን ሸጬ ገንዘቡን ላምጣልሽ አልኳት።

«ይሽጡት፤ እቀበላለሁ። ግን ሌላ ነገር አለብዎ። ያን ዕለት ሌባ ስባል የሰሙት ሰዎች፣ አለመስረቄንም ከእርስዎ አፍ ይስሙ። ስሜን ጠርተው ይንገሩልኝ።»

ገንዘቡን አደረስኩላት። እሱ ቀላል ነበር። ሰዎቹን ግን ከየት ላምጣቸው? ሦስቱን አግኝቼ ነገርኳቸው። አንደኛውማ ወሬውን ለስንት ሰው እንዳወራው አያስታውስም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ከቀሩት ውስጥ ወደ ሊቢያ የሄደ አለ፣ አገሩ የገባ አለ፣ የት እንደደረሰ የማይታወቅም አለ።

እኔም ንግዱን ትቼ አገሬ ገብቻለሁ። ዓርብ በመጣ ቁጥር ግን ያ ዞራ ያየችኝ አስተያየት ይመጣብኛል፤ ያሳፍረኛል። ይህን የጻፍኩት ላላገኘኋቸው አምስት ሰዎች ነው። በዚያ ዓርብ ሱቄ የነበራችሁ፣ ወይም ከእነሱ የሰማችሁ ካላችሁ፦ ዘሀራ ጊታሩን አልሰረቀችም። ተሰጥቷት ነው። እኔ ነኝ ሳልጠይቃት የደወልኩት።